ሰዓቱ ሲገፋ በረከቱም አብሮ ይገፋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር ነው። በአጥቢያችን የእሑድ ቅዳሴ እኔ ሳውቀው ሁልጊዜ የሚገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ወደ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተገፍቷል። ሰበካ ጉባኤው ከካህናቱ፣ ከመሪጌቶቹና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ተመካክሮ ነው ያደረገው። ምክንያቱንም ዐውደ ምሕረት ላይ ነግረውናል። አረጋውያኑ በጨለማ እየወደቁ ነው። ልጅ ያዘሉ እናቶች በዚያ ሰዓት ባጃጅ አያገኙም። ጥበቃ የሚያድሩ ወንድሞች ደግሞ ተቀያሪያቸው የሚመጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። እስከ ፋሲካ እንሞክረውና እንደገና እንነጋገራለን አሉ። በቅንነት መሆኑን አምናለሁ፤ ግን ውስጤ አልተቀበለውም። እኔ 19 ዓመት ሙሉ በጨለማ ነጠላዬን ተከናንቤ ሄጃለሁ። እንቅልፍ ለወደደ ሰው ተብሎ ሥርዓት ሲለወጥ ዝም ልበል? በረከቱስ እንደ ድሮው ነው? በ11 ሰዓት የሚቀድስ ሌላ ደብር አለ። ወደዚያ ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል? በዚህ ነገር በቴሌግራም ግሩፓችን ተነጋግረን ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ተኳርፈናል። ወለተ ሥላሴ ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሥላሴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። 19 ዓመት ያስቀደሰችን ሴት ስለ ኪዳን፣ ስለ ቅዳሴ አቋቋም፣ ከቁርባን በፊት ስለሚጾመው ጾም ላስተምር ብነሳ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እሱን እንለፈው። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። "በረከቱስ እንደ ድሮው ነው?" ያልሽው።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርሽም። አንዳንዴ በግልጽ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ በሐሜት ተሸፍኖ ይመጣል። "የዛሬ ክርስቲያን መቼ አስቀድሶ ያውቃል፣ ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል እንጂ" ይባላል። ከስሩ ያለው ሐሳብ ግን አንድ ነው። ጨለማው በበረታ ቁጥር፣ ብርዱ ባየለ ቁጥር፣ ቅዳሴው ራሱ የበለጠ ቅዱስ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ መመለሱ በቀለለኝ። ግን እውነት ተቀላቅሎበታል። ትጋት ዋጋ አለው። እግዚአብሔር ከሞቀ መኝታሽ የተነሳሽበትን ሌሊት ሁሉ ያውቃል፤ አንዱም አልጠፋም። የኅዳርንና የታኅሣሥን የጎንደር ብርድ ለሚያውቅ ሰው ያ ቀላል ነገር አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው የአንቺን ድካም ዋጋ ከቅዳሴው ቅድስና ጋር ስታቀላቅዪው ነው። ድካሙ የአንቺ ስጦታ ነው። ቅዳሴው ግን የእሱ ስጦታ ነው። በ11 ሰዓት የሚፈተተው ሥጋና ደም በ12 ሰዓት ተኩል ከሚፈተተው በምንም አይበልጥም። መንፈስ ቅዱስ ሰዓት አይቶ አይወርድም።

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷን ተመልከቻት። የልደትን፣ የጥምቀትንና የትንሣኤን ቅዳሴ በሌሊት ትቀድሳለች። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው፤ ጿሚው ሳይፈታ እንዲያስቀድስ ብላ። በዚያው ጾም ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ እንደገና ወደ ጠዋት ትመልሰዋለች። ጸሎተ ሐሙስም የራሱ ሰዓት አለው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ታቦት በሌሊትም፣ በጠዋትም፣ በ8 ሰዓትም ይቀደስበታል። ጨለማው ነው በረከት የሚያመጣው ካልን የዐቢይ ጾምን የቀትር ቅዳሴ ምን ልንለው ነው? ትርፍራፊ በረከት?

ሥርዓቱ የሚለው ይህ ነው፤ የእሑድ ቅዳሴ በነግህ ነው። ነግህ ማለት ጠዋት፣ ማለዳ። 11 ሰዓት የሚለውን ቁጥር የጻፈልሽ አባት የለም። 318ቱ ሊቃውንት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ሲሰበሰቡ እጃቸው ላይ ሰዓት አልነበረም። አባቶቻችንም ቢሆኑ ሌሊቱን በዶሮ ጩኸትና በኮከብ፣ ቀኑን በጥላ ርዝመት ነበር የሚለኩት። ጥላ ደግሞ እንደ ወራቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። በታኅሣሥ ጎንደር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስለዚህ እናንተ አጥቢያ "ተገፋ" የተባለው ቅዳሴ ሲገባ ጀንበሯ ገና ብቅ አላለችም! ነግህ ነው እኅቴ። ከነግህም ነግህ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ ሳነበው ደንቆኛል። በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮማ ገዥ ለንጉሡ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖችን መርምሮ ያገኘውን ነው የሚናገረው። በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስም እንደ አምላክ ይዘምራሉ ይላል። ለምን ጎሕ ሳይቀድ? አንደኛው ምክንያት የትንሣኤው ማለዳ እንደሆነ እናምናለን። ሌላው ደግሞ ኑሮ ነው። እሑድ ያን ጊዜ የሥራ ቀን ነበር። ቆስጠንጢኖስ በ321 እ.ኤ.አ. የዕረፍት ቀን እስኪያደርገው ድረስ ባሪያውም፣ አናጢውም፣ ሸማኔውም እሑድ ሥራ ይገባ ነበር። ከጌታው በፊት ተነስቶ ካልጸለየ መቼ ይጸልያል? የምትሳሺለት የጨለማ ሰዓት ራሱ ለሠራተኛ ምእመን ታስቦለት የኖረ ሰዓት ነው ማለት ነው። እናንተም ጥበቃ ለሚያድረው ወንድም አሰባችሁለት። ሰዓቱ ተቀየረ እንጂ ሐሳቡ ያው የጥንቱ ነው።

ስለ ትንሣኤው ማለዳ ካነሳን አይቀር፣ ወንጌሉን ገልጠሽ ሁለት ቦታ አነጻጽሪ። ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ሲጀምር መግደላዊት ማርያም "ገና ጨለማ ሳለ" ወደ መቃብር መጣች ይላል። ማርቆስ ምዕራፍ 16 ቁጥር 2 ላይ ደግሞ ሴቶቹ የመጡት "እጅግ በማለዳ ፀሐይ ከወጣ በኋላ" ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን ቃል በየራሱ አስማምተው ይተረጉሙታል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። በጨለማ የመጣችውም፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ የደረሱትም፣ ያገኙት ያንኑ ባዶ መቃብር ነው። ሰምተሽ እንደሆነ ማርያም ለሌሎቹ "እኔ በ11 ሰዓት ነው የመጣሁት" አላለቻቸውም። ቶማስማ ስምንት ቀን ዘግይቶ ነው ያየው!

አሁን ወደ "እንቅልፍ ለወደደ ሰው" ወደሚለው ቃልሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው፤ አባት ልጁን እንደሚቆጣ ያዢልኝ።

በደብዳቤሽ ሰዓቱ የተገፋው ለማን እንደሆነ ራስሽ ዘርዝረሽዋል። የሚወድቁ አረጋውያን። ልጅ ያዘሉ እናቶች። ጥበቃ የሚያድሩ ሰዎች። ከእነዚህ ውስጥ እንቅልፍ የወደደው የትኛው ነው? ሌሊቱን ሙሉ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ በሰው በር ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ነው? በሌሊት ሦስት ጊዜ ለጡት የምትነሳዋ እናት ናት? ወይስ ዳሌዋ እንዳይሰበር ፈርታ ከቤት የቀረችው አሮጊት? እንቅልፍ የወደደ ሰውማ በ12 ሰዓት ተኩልም አይመጣም፤ እሱን አውቀዋለሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አስቢ። እነሱም እንደኛ ለቅዱሱ ማዕድ ይሰበሰቡ ነበር። ጊዜ ያላቸው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። የሰው አገልጋይ የሆነው፣ ሥራ የሚያመሸው፣ ድሃው ሲደርስ አልቋል። "አንዱም ይራባል አንዱ ግን ይሰክራል" ይላቸዋል። ሐዋርያው በዚህ እጅግ አዘነ። ከዚያም ትእዛዙን በአንድ ቃል ቋጨው፦ "ስለዚህ፥ ወንድሞቼ ሆይ፥ ለመብላት በተሰበሰባችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ" (1ኛ ቆሮ. 11፥33)። ተጠባበቁ። የኋለኛው ይፍጠን ብቻ አላለም። የፊተኛውም ይጠብቅ ነው ያለው። ይህን ምዕራፍ ሳይገባን ስለመቀበል ስናስተምርበት ኖረናል፤ ልክ ነው፣ ይገባል። ግን ያ አስፈሪ ተግሣጽ የተጻፈው ላልተጠባበቁ ሰዎች መሆኑን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን።

የአብነት ተማሪ ሆኜ ደምቢያ ውስጥ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በዲቁና ሳገለግል የሆነ ነገር አለ። ክረምት ነበር፣ እሑድ። አንዲት ሴት ሕፃን ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ልትነሳ ትመጣለች ተብሎ ተነግሯል። የመገጭ ወንዝ ሞልቶ ወላጆቿ ከማዶ ቀሩ። ቁራሽ ሳልቀምስ ያደርኩ ልጅ ነኝ፤ ሆዴ ይጮኻል። ሰዓቱ ሄደ። ፀሐዩ ከፍ አለ። እኔም ለጓደኛዬ አጉረመረምኩ። ካህኑ ሰሙኝ። "ልጄ፣ ታቦቱ የትም አይሄድብህም። የሕፃኗ ሰማንያ ግን ዛሬ ነው" አሉኝ። ጎልማሶች በገመድ ተያይዘው አሻገሯቸው። ተጠመቀች፣ ቅዳሴው ገባ፣ ቆረበች። የዚያን ቀን ቅዳሴ በስንት ሰዓት እንደገባ አላውቅም። እናቷ እርጥብ ቀሚሷን ለብሳ ስታለቅስ የቆመችበትን ቦታ ግን ዛሬም አውቀዋለሁ።

እኔም ቢሆን ከዚህ በሽታ ነፃ ነበርኩ ብዬ አልዋሽሽም። ከዓመታት በኋላ በማገለግልበት አንድ ደብር የእሑዱ ጉባኤ ሰዓት ሳልጠየቅ ተቀየረብኝ። ዐውደ ምሕረት ላይ ወጥቼ ስለ ትጋት ሰበክሁ። እሳት የሆነ ስብከት ነበር፤ ለእኔ እንደዚያ መስሎኛል። ስወርድ አንድ ሽማግሌ መስቀል ተሳለሙና ቀስ ብለው "መምህር፣ ዛሬ ያሰሙን ወንጌል ነው ኩርፊያ?" አሉኝ። ምላሼ ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥርዓት ስቆጣ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው። አንቺም ብትሞክሪው አይጎዳሽም።

ሰዓት ይቀየራል ስል ሁሉም ነገር ይቀየራል ማለቴ አይደለም። ይህንንም የምለው በአንቺ ወገን ሆኜ ነው፤ ስጋትሽ ከባዶ አልመጣምና። ሰበካ ጉባኤ ተሰብስቦ "ቅዳሴው ረዘመ፣ የኪዳኑን ጸሎት እንተወው" ቢል ያኔ ጮኺ፤ እኔም አብሬሽ እጮኻለሁ። "ሁለት ዙር እናድርገው፣ አንዱ ለማለደኛ አንዱ ለአርፋጅ" ቢሉም አይሆንም። በአንድ ታቦት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አይቀደስም። በነገራችን ላይ እናንተን ወደ መስማማት ያመጣችሁ ይኼው ሥርዓት ነው። ሁለት ቅዳሴ ቢፈቀድ ኖሮ ባለ ጉልበቱ በ11 ሰዓት፣ ደካማው በ2 ሰዓት ተለያይቶ ይኖር ነበር፤ እርስ በርስ መተያየትም ይቀር ነበር። አንድ መንበር፣ አንድ ቅዳሴ ስለሆነ የግድ አንዱ ለሌላው መጠጋት አለበት። ሥርዓት እንዲህ ነው የሚሠራው።

"ሁሉ በአግባብና በሥርዓት ይሁን" የሚለውን ጥቅስ ግሩፕ ላይ ሳትለጥፉት እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። ሌላው ወገን ደግሞ "ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል" ብሎ መልሶላችኋል። እውነቴን ነው? ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ነው። ጎረቤትን ለመውጊያ ሲሆን ግን ሁለቱም አያምርም።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደስ ያለኝን ልንገርሽ። አንቺ እንደ ዋዛ ጽፈሽው አልፈሻል። ተመካክረው ነው አልሽ። ዐውደ ምሕረት ላይ ምክንያቱን ነገሩን አልሽ። እስከ ፋሲካ ሞክረን እንነጋገራለን አሉ አልሽ። እኅቴ፣ ይህ የት ይገኛል? ስንት ቦታ ነው ነገር በደብዳቤ ተለጥፎ የሚያድረው! መሪጌቶቹ እኮ ማሕሌቱን ሊገፉላችሁ ነው የተስማሙት። ሌሊቱን ሙሉ በጽናጽልና በመቋሚያ ቆሞ ለሚያድር ሰው፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መግፋት ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሰዓት ያን ያህል ያርቅበታል። የአቋቋም (የማሕሌቱ ሥርዓት ትምህርት) ምስክር ባለባት፣ የበዓታን ደብር በያዘች ከተማ ሊቃውንቱ ማሕሌታቸውን ለአንዲት አሮጊት ሲሉ አዘገዩ። ይህን ሳስብ ነው እኔ በረከቱ የታየኝ።

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቀንና ሰዓት ስትመካከር የእናንተ የመጀመሪያዋ መሰለሽ? በኒቅያ ካሳሰባቸው ጉዳይ አንዱ ትንሣኤን አንዱ ወገን በአንድ ቀን፣ ሌላው በሌላ ቀን ማክበሩ ነበር። አንድ ሆነን እናክብር ብለው ተስማሙ። በአገራችንም በሰንበት ጉዳይ፣ ቅዳሜ ይከበር አይከበር በሚለው፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆችና ሌሎቹ መቶ ዓመት ገደማ ተለያይተው ኖረዋል። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ተሰብስበው፣ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ባሉበት፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማምተው ታረቁ። መቶ ዓመት! የእናንተ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ጎንደርማ ሁለቱን የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖች፣ ላይ ቤትንና ታች ቤትን፣ አቅፋ ያሳደገች ከተማ ናት። መምህራኑ በትርጓሜ ይለያያሉ፣ ይከራከራሉ፤ ከዚያ አንድ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። እናንተ በሰዓት ተለያይታችሁ ሰላምታ ታቋርጣላችሁ?

"ወደ ሌላ ደብር ብሄድ ኃጢአት ነው ወይ?" ላልሽው። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ተቀምጦ ሌላ ደብር መሄድ መንገድ እንደ መሻገር ነው። ክብረ በዓል ሲሆን ሁላችንም እንሄዳለን። መሄዱ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ሥራሽ በ1 ሰዓት የሚያስገባሽ ቢሆን ኖሮ "ሂጂ፣ ለአስተዳዳሪውና ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ሂጂ" እልሽ ነበር። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት አልነገርሽኝም። የነገርሽኝ መናደድሽን ነው።

የጠፋውን ልጅ ታሪክ ታውቂዋለሽ። እኔ ስለ ታላቁ ወንድም ላስታውስሽ። የእሱን ቃል ከአንቺ ደብዳቤ አጠገብ አስቀምጪው፤ "እነሆ፥ ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ" ነው ያለው (ሉቃ. 15፥29)። አንቺ ደግሞ 19 ብለሽ ቆጥረሽዋል። ወንጌሉ ስለ እሱ "ተቆጣም ሊገባም አልወደደም" ይላል። ቤቱ የራሱ ነው፣ ድግሱ የአባቱ ነው፤ ግን ለሌላ ሰው ተብሎ ስለተደገሰ ውጭ ቆመ። አባቱ አልሰደበውም። ወጥቶ ለመነው። "ልጄ ሆይ፥ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው" አለው። እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። 19 ዓመትሽን ማንም አልወሰደብሽም። ያቺ አሮጊት በ12 ሰዓት ተኩል ስለመጣች ከአንቺ ድርሻ ላይ የተቆረሰ የለም።

ከተኳረፍሻት ጎረቤትሽ ጋር ያለው ግን አይደርም። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባሽን በመሠዊያው ፊት ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ ተብለሻል። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ ፊትሽን ወደ ማን ታዞሪያለሽ? እሷ በሴቶች መቆሚያ ሁለት ሰው አልፋ ቆማ፣ አንቺ ለማታውቂያት ሴት ብቻ አንገትሽን ሰብረሽ ልታልፊ? ይህ ጉዳይ ከ11 ሰዓትም ከ12 ተኩልም ይበልጣል። ቀድመሽ አንቺ ሂጂ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አትመርምሪ፤ ስትመረምሪ ፋሲካ ይደርሳል። ይቅርታውን ደግሞ በቴሌግራም አታድርጊው፤ በእግርሽ ሂጂ።

ሌላውን ወገን ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም፤ ይህን ጽሑፍ እነሱም ያነቡት ይሆናል። ሰዓቱ የተገፋላችሁ ሆይ፣ በ11 ሰዓት ከወንጌል በኋላ ትደርሱ የነበራችሁ በ12 ሰዓት ተኩልም ከወንጌል በኋላ ከደረሳችሁ ምን ተሠራ? ሰበካ ጉባኤው ያሰበው ለደካማ እንጂ ለልማደኛ አልነበረም። የሰው ደግነት ላይ ተደላድሎ መተኛት ያሳፍራል። ሰዓቱን የለቀቀላችሁ ሰው ውስጡ እንደተጎዳ ወለተ ሥላሴ ነግራናለች። ቢያንስ ቀድማችሁ ድረሱና አክብሯት።

ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እንነጋገር ብለዋችኋል። ተነጋገሩ። ያን ጊዜ ጎሑም ይቀድማል፣ ብርዱም ይለዝባል፤ ምናልባት 12 ሰዓት ይበቃል ትሉ ይሆናል። ጉባኤው ላይ ተገኚ። ሐሳብሽን ቁጭ ብለሽ፣ ድምፅሽን ሳታሰሚ ሳይሆን በደንብ አሰምተሽ ተናገሪ። 19 ዓመት ያስቀደሰች ሴት ቃል ይፈለጋል። ብቻ የወሰኑትን ይዘሽ ውጪ፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ሁለተኛ ጉባኤ አትክፈቺ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አንቺ አሁንም በ10 ሰዓት ሳትነቂ አትቀሪም፤ 19 ዓመት የነቃ ዓይን በአንድ ቃለ ጉባኤ አይተኛም። ተነሺ እንግዲህ። የእሑዱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፤ መዝሙረ ዳዊትሽንም ቀስ ብለሽ አድርሺ። ድሮ እየተቻኮልሽ ያለፍሻቸው መዝሙራት ይኖራሉ። ከዚያ 12 ሰዓት ገደማ ስትወጪ የመንገዱን አቅጣጫ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጊው። በሰፈርሽ በጨለማ መውጣት የፈራች አንዲት እናት አትጠፋም። በሯን አንኳኪ። ከዘራዋን በአንድ እጇ ትያዝ፣ ሌላውን እጇን አንቺ ያዢላት። ቁልቁለቱ ላይ አትፍጠኚባት።